ፕሮሰሰሩ ይቀየር? መጀመሪያ ይለካ!

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ የጥገና ጥያቄ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጥያቄው ይህ ነው፤ አንድ ሰው በቤቱ ሌት ተቀን የሚሠራ አሮጌ ሰርቨር አለው። ሰርቨሩ ዘገመበት። ታዲያ ፕሮሰሰሩን አውጥቶ በተሻለ ይተካው ወይስ እንዳለ ይተወው? የሱቅ ባለሙያ ይህን በአንድ ቃል ሊመልሰው ይችላል። የሳይንስ ተማሪ ግን በአንድ ቃል ሊመልሰው አይገባም ባይ ነኝ። በዚህች ትንሽ ጥያቄ ውስጥ የፊዚክስም፣ የሒሳብም፣ የኢኮኖሚም ጉዳይ ተጠቅልሎ ይገኛልና፤ በተሳሳተ መልስ የሚባክነውም ገንዘብ የቤተሰብ ገንዘብ ነው።

ሰርቨር ሲባል ብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊናችን የምንሥለው በባንክ ወይም በቴሌኮሙኒኬሽን ሕንፃ ውስጥ በቀዝቃዛ ክፍል ተቆልፎ የሚቀመጠውን የብረት መደርደሪያ ነው። ነገር ግን ሰርቨርነት የሥራ ድርሻ እንጂ የአካል መለያ አይደለም። ማንኛውም ኮምፒውተር ለሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች ፋይል፣ ገጽ ወይም ቪዲዮ የሚያቀርብ ከሆነ ሰርቨር ነው፤ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ፣ ጎኑ የተጫረ ዴስክቶፕም ቢሆን።

እንበልና በለገጣፎ የሚኖር አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ እንዲህ ያለ ዴስክቶፕ አገኘ። ሊነክስ ጫነበት። ኪዊክስ በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው ነፃ ፕሮግራም አማካይነት የእንግሊዝኛውን ዊኪፔዲያ ከእነሥዕሎቹ፣ ከመቶ ጊጋባይት በላይ የሚሆነውን ክምችት፣ በሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀመጠ። የአማርኛውን ውክፔዲያ፣ የመማሪያ መጻሕፍትንና ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችንም ጨመረበት። የጎረቤት ልጆች ስልካቸውን ይዘው መጥተው በዋይፋይ ያነብባሉ፤ ለዳታ የሚከፍሉት ሳንቲም የለም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ላይም ነገሩ ያው ነው። ዋና ከተማዋን በከበቧት በእነዚህ አካባቢዎች የሚኖር ተማሪ ለቤተ መጻሕፍት ሲል ታክሲ ተሰልፎ አዲስ አበባ መግባት የማይሻበት ቀን ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው ሰርቨር ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር ሁለት ነገር አስታውሰዋለሁ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንታት ያህል በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በቤቱ የመጻሕፍት ቅጂ የነበረው ተማሪ ንባቡን አላቋረጠም። ሁለተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ጥያቄ በስክሪን ላይ አንብቦ መልስ መምረጥ ልምምድ ይጠይቃል፤ ለመለማመድ ደግሞ አንድ አሮጌ ሰርቨርና ጥቂት አሮጌ ኮምፒውተሮች በኬብል ቢገናኙ ይበቃል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። አሥር ልጆች በአንድ ጊዜ ሲያነብቡ ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል። ባለቤቱ የመጀመሪያ ሐሳቡ «ፕሮሰሰሩ ደክሟል፤ ትልቅ ጊጋኸርትዝ ያለው ልግዛ» የሚል ይሆናል። ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ወቅት እውነት ነበር። ጎርደን ሙር እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ቺፕ ላይ የሚሰፍሩት ትራንዚስተሮች ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን ጻፈ፤ በ1975 ደግሞ ግምቱን ወደ ሁለት ዓመት አስተካከለው። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን የሮበርት ዴናርድና የባልደረቦቹ የ1974 ጥናት ነው። ጥናቱ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው ቮልቴጅም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ስኩዌር ሚሊሜትር ላይ ቢታጨቅም ሙቀቱ እንደማይጨምር አሳየ። የፕሮሰሰር ፍጥነት ለዓመታት ያለ ችግር ሲጨምር የኖረው በዚህ ጸጋ ነው።

ጸጋው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተሟጠጠ። ቮልቴጁ ከዚያ በታች መውረድ እንቢ አለ፤ ከትራንዚስተሮቹ ሾልኮ የሚያልፈው ኤሌክትሪክም ለከንቱ ሙቀት ሆነ። ኢንቴል 4 ጊጋኸርትዝ ይደርሳል ያለውን ፔንቲየም 4 ለገበያ ሳያወጣ በ2004 ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተለወጠ፤ ፍጥነትን ከመጨመር ይልቅ ኮሮችን ማብዛትና በእያንዳንዱ ምት የሚሠራውን ሥራ ማሳደግ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱኦ ኢ6600 በ2.4 ጊጋኸርትዝና በ65 ዋት የሙቀት ወሰን፣ ከ3 ጊጋኸርትዝ በላይ የሚሮጡትንና 130 ዋት የሚደርስ ወሰን የነበራቸውን የፔንቲየም ዲ ፕሮሰሰሮች በልጦ ተገኘ። ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት ገደማ ነው፤ ዛሬም ግን በየሱቁ «ስንት ጊጋ ነው?» ሲባል እንሰማለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ማነቆው የት እንደሆነ ማወቅ ነው። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ሐሳብ እዚህ ላይ ከማንኛውም የሱቅ ምክር የበለጠ ይጠቅማል። አንድ ገጽ ለማቅረብ ከሚወስደው ጊዜ ውስጥ 80 በመቶው ዲስክን በመጠበቅ፣ 20 በመቶው ብቻ በስሌት የሚያልፍ ከሆነ፣ እጥፍ ፍጥነት ያለው ፕሮሰሰር ቢገዛ አጠቃላዩ ጊዜ ከ100 ወደ 90 ይወርዳል። ወሰን የለሽ ፍጥነት ያለው ፕሮሰሰር ቢገኝ እንኳ ከ80 በታች አይወርድም። ገንዘቡ ሁሉ ወጥቶ የተገኘው ይህ ነው።

80 በመቶ ማለቴ ለምሳሌ ነው፤ ነገር ግን ከእውነት የራቀ ምሳሌ አይደለም። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ተራ ሃርድ ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የሚፈለገው መረጃ በአንባቢው ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የግማሽ ዙር ጊዜ፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጠብቃል፤ ጫፉ ራሱ ወደ ትክክለኛው መሥመር ለመሄድ 9 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨምራል። በድምሩ 13 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር በዚያች ቅጽበት ከ31 ሚሊዮን በላይ ምት ይመታል፤ አብዛኛውንም ሥራ ፈትቶ። በሌላ አነጋገር ያ ዲስክ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ትንንሽ መረጃዎችን በሰከንድ ሰማንያ ጊዜ እንኳ ማንበብ አይችልም። ዊኪፔዲያን የሚያነብቡ አሥር ልጆች የሚጠይቁት ደግሞ ልክ እንዲህ ዓይነቱን የተበታተነ ንባብ ነው። በዚህ ሰርቨር ላይ አዲስ ፕሮሰሰር መግጠም፣ ወጥ ቤቱ አንድ ማንደጃ ብቻ ያለው ምግብ ቤት ሁለተኛ አስተናጋጅ እንደሚቀጥር ነው። ኤስ.ኤስ.ዲ. ቢገጠምለት ግን የ13 ሚሊሰከንዱ ጥበቃ ወደ 0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይወርዳል። የአሮጌው ማዘርቦርድ የሳታ መሥመር የኤስ.ኤስ.ዲ.ውን ሙሉ ፍጥነት ባያስተናግድም እንኳ ልዩነቱን ልጆቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

መለካቱ ገንዘብ አይጠይቅም። በሊነክስ «ቶፕ» የተባለው ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ በስንት መቶኛ ጊዜው እንደሠራ፣ በስንት መቶኛው ደግሞ ዲስክን ሲጠብቅ እንደቆየ ለይቶ ያሳያል፤ በዊንዶውስ «ሪሶርስ ሞኒተር» ተመሳሳዩን ያደርጋል። ራሙ ሞልቶ ሲስተሙ ከዲስኩ ላይ ቦታ እየተበደረ እንደሆነም እዚያው ይታያል፤ ራም መጨመር ነው መድኃኒቱ። የኔትወርኩ ገመድ ወይም ማከፋፈያው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ከ12 ሜጋባይት ብዙም የማይበልጥ መረጃ ነው በሰከንድ የሚወጣው፤ ፕሮሰሰሩ ምንም ቢሆን። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ሰርቨሩ ሥራ በበዛበት ሰዓት፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ተመልሰው በተቀመጡበት ሰዓት ነው። ንጋት ላይ የተለካ ሰርቨር ምንጊዜም ጤነኛ ነው።

ሙቀትም መለካት አለበት፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የእኛ አገር ነገር ነውና። ለገጣፎ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ሱሉልታ ደግሞ ከእርሷም ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውኃ በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚፈላው፣ ንፍሮም ከቆላው ይልቅ በደጋው ለመብሰል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት መሆኑን ከትምህርት ቤት ታስታውሳላችሁ። ስለ ኮምፒውተር ማራገቢያ ግን የነገረን የለም። ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው የተወሰነ የአየር ይዘት ነው፤ ሙቀትን የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። በተመሳሳይ የክፍል ሙቀት የእኛ አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያው ማራገቢያ በያው ፍጥነት ቢዞር፣ በባሕር ጠረፍ 12 ዲግሪ ሞቆ ይወጣ የነበረው አየር እዚህ 16 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። የሰርቨር ክፍሎችን ደረጃ የሚያወጣው አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበርም ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ የሚመክረው ለዚህ ነው። ለለገጣፎ ሲሰላ 5 ዲግሪ ማለት ነው።

የደጋው ብርድ ይህን ያካክሰው የለምን? በከፊል ያካክሳል፤ ሰርቨሩ አየር በሚያገኝበት ቦታ ከተቀመጠ። ከቴሌቪዥኑ ሥር በቡፌው ውስጥ ከተዘጋበት ግን የሱሉልታ ውርጭ አይደርስለትም። በዚያ ላይ የበጋው አቧራ አለ። አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር አንድ ዓመት የሠራ ኮምፒውተር ቢከፈት የማቀዝቀዣው ክንፎች በአቧራ ተደፍነው ይገኛሉ። ዘመናዊ ፕሮሰሰር ሙቀቱ ከወሰን ሲያልፍ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንግዲህ «ደከመ» የተባለው ፕሮሰሰር የታፈነ ብቻ ሊሆን ይችላል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማውጣትና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ቅባት ጠርጎ የአተር ፍሬ በሚያህል አዲስ ቅባት መተካት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ ይለካ። በእኔ ግምት ፕሮሰሰር ለመግዛት ከሚነሡት ሰዎች ቀላል የማይባሉት ከዚህ እርምጃ አያልፉም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቪዲዮ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት ለስልክ እንዲመች የሚለውጥ ሰርቨር፣ ብዙ ፋይል የሚያምቅ ሰርቨር፣ ምሥጢራዊ ግንኙነት የሚያስተናግድ ሰርቨር እውነተኛ የስሌት ረኃብ አለበት። ነገር ግን በዚህ ጊዜም ቢሆን ልንገዛ የሚገባን ፍጥነትን ሳይሆን ችሎታን ነው። ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ኤ.ኢ.ኤስ. የተባለውን የምሥጢር ስሌት በቀጥታ የሚሠሩ ልዩ ትእዛዞች በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከዚያ በኋላ በ2011 የወጣው ኮር አይ3-2100 ሁለት ኮሮች፣ 3.1 ጊጋኸርትዝና የ65 ዋት ወሰን ነበረው፤ እነዚህ ትእዛዞች ግን አልተሰጡትም። የዚያው ትውልድ ኮር አይ5-2500ቲ መሠረታዊ ፍጥነቱ 2.3 ጊጋኸርትዝ ብቻ፣ ወሰኑም 45 ዋት ነው፤ ሆኖም አራት ኮሮችና የኤ.ኢ.ኤስ. ትእዛዞች አሉት። በሱቅ ቋንቋ ከ3.1 ወደ 2.3 መውረድ ነው። በሥራ ግን መውጣት ነው።

ዝቅ ያለ ፍጥነት የሚያዋጣበት ምክንያት በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የሚገባ ነው። ፕሮሰሰር በሥራ ላይ ሳለ የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬና ከምቱ ድግግሞሽ ብዜት ጋር ይመጣጠናል። ቮልቴጁ ከ1.2 ወደ 1.0፣ ድግግሞሹም ከ3.0 ወደ 2.4 ጊጋኸርትዝ ቢወርድ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ኃይሉ በ44 በመቶ ይቀንሳል። ስሌቱን ራሳችሁ ሞክሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። በፕሮሰሰሩ ላይ የሚጻፈው ዋት የማቀዝቀዣውን መጠን ለመወሰን የወጣ የሙቀት ወሰን ነው፤ የመብራት ቆጣሪ ንባብ አይደለም። የቤት ሰርቨር ደግሞ አብዛኛውን ሰዓት ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው፤ ሥራ ሲፈታ የ65 ዋቱና የ45 ዋቱ ፕሮሰሰር የሚወስዱት ኃይል ይቀራረባል። ስለዚህ «45 ዋቱን ብገዛ መብራት 20 ዋት ይቀንስልኛል» ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። እውነቱን ለማወቅ በሶኬቱና በኮምፒውተሩ መካከል የምትገባውን ትንሽ የዋት መለኪያ መጠቀም ይበጃል። ለትምህርት ክፍሎች አንድ ብትገዛ ዓመቱን ሙሉ በተራ ታገለግላለች።

የመብራቱ ነገር ቀላል አይደለም። 100 ዋት የሚወስድ ሰርቨር ሌት ተቀን ከሠራ በ30 ቀን 72 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የቤቶች ታሪፍ የመጀመሪያው ርካሽ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነበር፤ ሰርቨሩ ብቻውን፣ ምጣዱና ማቀዝቀዣው ሳይቆጠሩ፣ ያንን እርከን ያልፈዋል ማለት ነው። ከ2024 ጀምሮም ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ስለዚህ የፔንቲየም 4 ወይም የፔንቲየም ዲ ፕሮሰሰር ያለበት ማሽን ሥራ ፈትቶም ቢሆን ኃይል የሚበላ ስለሆነ፣ እንደ ሰርቨር ሌት ተቀን ማሠራቱን አልደግፍም። ማዘርቦርዱ የሚቀበል ከሆነ ኮር 2 ዱኦ ይግባበት፤ ካልተቀበለ ግን ለመማሪያ ይከፈት እንጂ ለሥራ አይቀመጥ።

«የሚቀበል ከሆነ» ያልኩት በከንቱ አይደለም። ብዙ ብር የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። ሶኬቱ አንድ ስለሆነ ብቻ ፕሮሰሰሩ ይሠራል ማለት አይደለም። ኤል.ጂ.ኤ. 775 የተባለው፣ 775 መገናኛ ነጥቦች ያሉት ሶኬት እ.ኤ.አ. በ2004 ከመጣ በኋላ ፔንቲየም 4ንም፣ ፔንቲየም ዲንም፣ ኮር 2 ዱኦንም፣ ኮር 2 ኳድንም አስተናግዷል። ሆኖም ቀደም ብለው የተሠሩት ማዘርቦርዶች ኮር 2ን የሚመግብ የቮልቴጅ ክፍል ስለሌላቸው፣ ፕሮሰሰሩ ልክክ ብሎ ቢገባም ኮምፒውተሩ አይነሣም። የኤል.ጂ.ኤ. 1155 ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 እና 7010 የተባሉት ሁለት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ሶኬታቸው አንድ ነው። በ2012 የወጡትን የአይቪ ብሪጅ ፕሮሰሰሮች ግን 7010ሩ ይቀበላል፤ 790ው አይቀበልም። ምክንያቱ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው አጋዥ ቺፕ ነው፤ ኢንቴል ያን ቺፕ ለአዲሱ ትውልድ አልፈቀደለትም። ስለዚህ ከመርካቶ ፕሮሰሰር ይዞ ከመመለስ በፊት የማዘርቦርዱን ስምና የባዮሱን ቅጂ ቁጥር መዝግቦ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ማየት ግድ ነው። ባዮሱም ማደስ የሚያስፈልገው ከሆነ አሮጌው ፕሮሰሰር ገና በቦታው ሳለ፣ ዩፒኤስ ተሰክቶ ይታደስ። ባዮስ በመታደስ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ ማዘርቦርዱ ራሱ የማይነሣ ይሆናል፤ የመብራታችንን ጠባይ ደግሞ የምትነግሩኝ እናንተ ናችሁ።

ማዘርቦርዱ ሲከፈት ዓይን ማረፍ ያለበት በፕሮሰሰሩ ዙሪያ በተተከሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች፣ ማለትም በካፓሲተሮቹ ላይም ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች በውስጣቸው ባለው ፈሳሽ ጉድለት ምክንያት ካፓሲተራቸው እያበጠ ይፈነዳ ነበር። አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ዝቃጭ ካወጡ ለዚያ ማሽን ፕሮሰሰር መግዛት ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ መቀየር ነው።

አሮጌ ፕሮሰሰርን በእውነት የሚያስረጀው ነገር ሌላ ነው፤ ዝግታው ሳይሆን የማያውቀው ትእዛዝ። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊነክስ 9 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ኤስ.ኤስ.ኢ. 4.2 የተባሉት ትእዛዞች የሌሏቸውን ፕሮሰሰሮች መቀበል አቆመ፤ የኮር 2 ትውልድ በሙሉ ውጭ ቀረ። በ2025 የወጣው 10ኛው ደግሞ ኤ.ቪ.ኤክስ. 2ን ይጠይቃል፤ ይህም ማለት የሳንዲ ብሪጅና የአይቪ ብሪጅ ፕሮሰሰሮችም አይጭኑትም። ደቢያን ግን በ2025 በወጣው 13ኛ ዕትሙ ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች የሚሆን መጫኛ ቢያቆምም ባለ 64 ቢቱን ኮር 2 አሁንም ያስተናግዳል። ስለዚህ ባለ ሰርቨሩ ፕሮሰሰር ከመግዛቱ በፊት «የምጠቀምበት ሶፍትዌር የጸጥታ ማሻሻያ እስከ መቼ ያገኛል?» ብሎ ይጠይቅ። የጎረቤት ልጆች የሚገቡበት ሰርቨር ቀዳዳው ሳይደፈን መቆየት የለበትም።

«ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? አዲስ ትንሽ ኮምፒውተር አይገዛም?» የሚሉ ይኖራሉ። ክርክሩ መሠረት አለው፤ ከ10 ዋት በታች እየወሰዱ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ ቦርዶች ዛሬ ሞልተዋል። ነገር ግን አዲሱ ዕቃ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አልፏል፤ የተማሪ ኪስ ግን በዚያ ልክ አላደገም። ሌላም አለ። በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተከማችቷል፤ በሥርዓት ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የእኛ ድርሻ በቆራሌው ማዳበሪያ ተጭኖ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። የምናለሽ ተራ ሰዎች ብረትን ከጥፋት በማትረፍ ከማንኛችንም የላቁ ናቸው፤ እርሳስና ሌሎች መርዛማ ነገሮች ያሉበትን ማዘርቦርድ በባዶ እጅ እንዲያቃጥሉ መተው ግን ግፍ ነው። ለአንድ ማሽን የሚጨመርለት አምስት ዓመት ያንን ቀን ያራዝመዋል።

ሌላኛው ምክንያቴ ደግሞ ለመምህራኖቻችን የቀረበ አቤቱታ ነው። የኮምፒውተር አርክቴክቸር ትምህርት ሲሰጥ የአምዳል ሕግ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ ተማሪው ቀመሩን ሸምድዶ ይፈተናል። ፕሮሰሰር በእጁ ሳይነካ፣ የሙቀት ቅባት ምን እንደሚመስል ሳያይ ተመርቆ ይወጣል። በሌላ በኩል በየተቋሙ መጋዘን የማስወገጃ ፈቃድ የሚጠብቁ ኮምፒውተሮች ተደራርበው ይታያሉ። ከእነርሱ አሥሩን ለአንድ ሴሚስተር ላቦራቶሪ መስጠት ምን ያህል ይከብዳል? ግማሹ ክፍል ዲስኩን ወደ ኤስ.ኤስ.ዲ.፣ ግማሹ ክፍል ፕሮሰሰሩን ይቀይር፤ ሁለቱም ከለውጡ በፊትና በኋላ የምላሽ ጊዜን፣ ሙቀትንና ዋትን ይመዝግቡ፤ ውጤቱም በዚሁ መጽሔት ይውጣ። የንብረት ሕጉ እንቅፋት ነው የሚለውን መልስ ሰምቼዋለሁ። ማሽኑ ከግቢው አይወጣም፤ ከመጋዘን ወደ ላቦራቶሪ ክፍል ተዛወረ እንጂ።

ለባለ ሰርቨሩ የቀረኝ ስለ ወጣው ፕሮሰሰር ነው። አሮጌው ፕሮሰሰር ከወጣ በኋላ ከላዩ ቅባቱ ተጠርጎ፣ የመገናኛ ነጥቦቹ በጣት ሳይነኩ በደረቅ ሣጥን ይቀመጥ፤ ሞዴሉም በላዩ ይጻፍበት። ቢያንስ ለአንድ ወር አይሸጥ፤ አዲሱ እምቢ ካለ መመለሻው እርሱ ነውና። ወሩ ካለፈ በኋላ ግን ቡራዩ ወይም ሰበታ ላይ ከእርሱም ያነሰ ፕሮሰሰር ይዞ የሚቸገር ሌላ ተማሪ አይጠፋም። ኮር 2 ዱኦ ለኮር 2 ኳድ ባለቤት ትርፍ ዕቃ ነው፤ ለፔንቲየም ዲ ባለቤት ግን፣ ማዘርቦርዱ ከተቀበለው፣ ሙቀቱን የሚያበርድለትና የመብራት ወጪውን የሚቀንስለት ዕቃ ነው።